ፊቱን ወደ ሰማይ የጫኑት ድንጋይ

ባርናባስ ተጎታቹን ከዩለስ ከተማ መጋዘን አውጥቶ ወደ ሰሜን የሚወስደውን ሃይዌይ ሲይዝ፣ እማማ ሸዋረገድ ከጎኑ ተቀምጠው ማማረር ከጀመሩ ቆይተዋል። የሚያማርሩት ለባርናባስ አልነበረም። ባርናባስ ግን መሪውን እንደያዘ ከመስማት ሌላ የት ይሂድ።

«ቄሱ ይናገራሉ፤ ይሁን። ፀጋዬ ይናገራል፤ የአባቱ ነገር ነውና ይሁን። ጓሮውን ያስዋበችው ፈረንጅ እንኳ ትናገራለች አሉ። እኔ ግን ጋቢ ለብሼ ፊት ወንበር ላይ እቀመጥላቸዋለሁ። ለፎቶ።»

«ሳሮን በክፋት አላለችውም፣ እማማ። እንዳይደክሙባት ብላ ነው።»

«‹ማንበብ ስለማይችሉ ታሪኩ ይምታታባቸዋል› ነው ያለችው። ስልኩን ሳትዘጋው። ዕድሜ ዓይኔን ወሰደ እንጂ ጆሮዬን መች ነካው።» ወደ ሬዲዮው በአገጫቸው አመለከቱ። «ይህን መዝሙርህንም ቀንስልኝ። እግዜር አይደነቁርም።»

ባርናባስ ፈገግ ብሎ ቀነሰው። በሚኖሩበት በሳክሲ ከተማ ጎረቤታቸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያመላልስ ውሎ እሁድ እሁድ በጴንጤ ቸርች ወንበር የሚደረድር፣ ጎልማሳ፣ ታጋሽ ሰው። ዛሬ ማለዳ ድንጋዩን ላመጣ ዩለስ እሄዳለሁ ሲላቸው ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ጠበቁት። ከኋላ፣ በተጎታቹ ላይ፣ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ የወይራ አምባ የነፋስ ወፍጮ ድንጋይ ተኝቷል። በወይራ አምባ ደግሞ የወፍጮ ድንጋይ ብቻውን መንገድ አይሄድም። ከባለወፍጮው ቤት አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል፤ ሙሽራ ያለ ሚዜ እንደማትሄደው። ከዚያ ቤት ወፍጮ ያስፈጨ፣ በቴክሳስ ምድር የቀረ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ድንጋዩ የሚሄደው ፕሌኖ ነው፣ የሚኪያስ ቤት። ሚኪያስ የፀጋዬ ልጅ፣ የሳሮን ባል ነው። ፀጋዬ ደግሞ የእማማ ሸዋረገድ ባል የሟቹ የጌትነት ታናሽ ወንድም። ሚኪያስ በጓሮው ድንጋዩን አስቀምጦ በመሐሉ ቀዳዳ ውኃ ሊያፈልቅበት፣ ከፊቱም «የግራዝማች መዝገቡ መታሰቢያ» የሚል ነሐስ ሊተክል ዘመድ ጠርቷል። «የድሮው ድንጋይ ነው የሚመጣው፣ እማማ» ብሏቸው ነበር በስልክ። የድሮው ሲላቸው የተሰነጠቀው መሰላቸው፤ ግድግዳ ተደግፎ ዶሮ የሚያድርበት። ዶሮ ያደረበትን ድንጋይ በአውሮፕላን ማሳፈር የሀብታም ሥራ ነው ብለው ሳቁና ተዉት።

መንገዱ ሰፊ ነበር፤ ሰማዩም ሰፊ። የታኅሣሥ ነፋስ ከሰሜን እየመጣ መኪናውን በጎኑ ይገፋዋል። እማማ ሸዋረገድ በልማድ ነፋሱን መዘኑት። ይሄ ጨርቅ ግማሹ የሚጠቀለልለት ነፋስ ነው። ሙሉውን ብትዘረጋለት ክንፉን ይገነጥልሃል።

ወፍጮውን የተከሉት አማታቸው ግራዝማች መዝገቡ ናቸው፣ ጃንሆይ ከስደት በተመለሱ ማግስት። ጣሊያን ሲወጣ ፒዬሮ የሚባል አንድ አናጢ አልወጣም። ወይራ አምባ ላይ ተደብቆ ግራዝማች ደረሱበት። ሰዉ እንግደለው ሲል እሳቸው ጠላ አስቀርበው ምን ታውቃለህ አሉት። አናጢው ቀና ብሎ የአምባውን ዛፎች አየ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተጎንብሰው ያደጉ ናቸው። ይህን ያህል ነፋስ ለምን በከንቱ ይነፍሳል አለ፣ በተሰባበረ አማርኛ። ከዚያ በኋላ ነው ያ የድንጋይ ግንብ የቆመው፣ አራት የጥድ ክንፎች የተጠረቡት፣ አቡጀዲ ተገዝቶ የለበሱት። ቆላው ሰው ከሩቅ ሲያየው ያማትብ ነበር። ካህናቱም እግዜር የለቀቀውን ነፋስ በቀንበር መጥመድ ድፍረት ነው ብለው ለመገበሪያ የሚሆነውን ስንዴ ወደዚያ አናስጠጋም አሉ። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው ጭራቸውን ይዘው በወፍጮው ደጃፍ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከስልቻው አንድ ጣሳ ለወፍጮው ይሰፈራል። መበለት የመጣች እንደሆነ ጭራቸውን ወደ ሌላ ወገን ያወዛውዙና ሳይሰፈርባት ታልፋለች።

እማማ ሸዋረገድ ወደዚያ ቤት በሙሽርነት ሲገቡ ገና ልጅ ነበሩ። ጨርቅ ማልበስን፣ መጠቅለልን፣ ነፋሱ ሲዞር ክንፉን ማዞርን ከባላቸው ተማሩ። ድንጋይ መውቀርን ግን ከግራዝማች ከራሳቸው። ድንጋይ ሲፈጭ ኖሮ ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ድንጋይ እህሉን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይፈጨውም። ስለዚህ ገልብጠው ፊቱን በብረት ነካ ነካ እያደረጉ ያሻክሩታል። በእጃቸው ጀርባ ላይ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፤ የድንጋይ ፍንጣሪ ነው። ልጃቸው አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ወስዳ አሳይታው ሐኪሙ በሽታ መስሎት ነበር።

ደርግ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮውን ወረሰ። የሚያስፈጭ ሲያጣ ቁልፉን መልሶ ለእሳቸው ሰጣቸው፤ ወፍጮው ግን የሕዝብ ነው ተብሎ። ፀጋዬ ያኔ ተማሪ ነበር። ተሰደደ። ግራዝማች ሞቱ። ከዚያ ያ የከፋ ዓመት፣ ሰባ ሰባት፣ መጣ፤ የሚፈጭ እህል በሌለበት ዓመት ነፋሱ ብቻ ሞልቶ ክንፎቹን ሰበረ። ዋናው ግንድ ወድቆ የግራዝማችን የላይ ድንጋይ ለሁለት ሊከፍለው ምንም አልቀረውም። ሸዋረገድና ጌትነት ከወንዙ ሥር ሌላ ድንጋይ ጠርበው፣ በበሬ እያስጎተቱ አምባው ላይ አወጡ። በነፋሱ ፋንታ የናፍጣ ሞተር ገባ። ጌትነት ብዙም አልቆየ። ዱቄቱ ሳንባውን በልቶት እያሳለ ሞተ። ወፍጮው በአሮጌው ግንብ ውስጥ ሆኖ መፍጨቱን ቀጠለ። እሳቸው ልጃቸው ወደ አሜሪካ ስትወስዳቸው ለዕፀገነት አስረከቡ፤ ወላጆቿ ሞተውባት እዚያው ዱቄት ውስጥ ላሳደጓት ለጌትነት የእህት ልጅ።

ይህን ሁሉ ማን ይጠይቃቸው። ፕሮግራሙ ላይ «ታሪክ፦ በአቶ ሚኪያስ» ተብሏል። ሚኪያስ የተወለደው እዚሁ ነው።

ሉዊስቪልን ሲያልፉ ሸራው ማጨብጨብ ጀመረ።

«ገመዱ ላልቷል» አለ ባርናባስ። «ኤግዚት ላድርግና ልጠብቀው። እርስዎ አይውረዱ፣ ብርድ ነው።»

ማደያው ዳር አቆመ። እሳቸው ወረዱ። የተጎታቹን ጠርዝ ይዘው ወደ ኋላ ዞሩ። ነፋሱ የሸራውን አንድ ጥግ ገልጦት ነበር።

«ማነው እንዲህ የጫነው?»

«እንዴት?»

«በጀርባው አስተኝተውታል። ፊቱ ወደ ሰማይ ነው።» ድምፃቸው ደከም አለ። «የወፍጮ ድንጋይ በፊቱ ነው የሚተኛው፣ ጭድ ተነጥፎለት። የእንጀራን ፊት ጭልፊት አያየውም ነው የሚባለው።»

«ፎርክሊፍት የያዘው ልጅ ጭልፊትና ጭድ ምን ያውቃል፣ እማማ» አለ ባርናባስ ገመዱን እየሳበ።

ሸራውን ሌላ ክንድ ያህል ገለጡት። ስንጥቁን ፈለጉ። ከዳር እስከ መሐል ያለውን፣ ጣት የሚያስገባውን። አጡት። ድንጋዩ ሙሉ ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ውቅር አዲስ ነው፤ ጠርዙ ገና አልደነዘዘም። እጃቸውን በመሐሉ ቀዳዳ አስገብተው አወጡት። ጣታቸው ላይ ነጭ የሆነ ነገር አለ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቀመሱት።

«ጤፍ» አሉ።

ባርናባስ ገመዱን ይዞ ቀረ። «ምን ማለት ነው?»

«ይሄ የሞተ ድንጋይ አይደለም። ከሥራ ላይ ነቅለው ነው ያመጡት። የዕፀገነት እንጀራ ነው የጫንከው፣ ባርናባስ።»

ትንሿን ስልክ ከጉያቸው አወጡ። ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው በስም ፋንታ የየሰዉን ፎቶ አድርጋላቸዋለች። ዕፀገነት ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ዓይኗን ፀሐይ ወግቶት ጨፍና ያለችበት ናት። ተጫኗት። ተጎታቹን ተደግፈው ቆሙ።

«እቴቴ» አለች ዕፀገነት ከሩቅ። «ደኅና ነዎት? ሰላም ነው?»

«ድንጋይሽ የት ነው?»

«እርስዎ ጋ ነው እንጂ። አልደረሰም እንዴ?»

«ማን ነቀለው?»

«ጋሼ ፀጋዬ የላኳቸው ሰዎች። እኔ የተሰነጠቀውን ነበር ያሳየኋቸው። ፎቶ አንሥተው ላኩ፤ ከዚያ ‹ይሄ አያምርም፣ ያኛውን አምጡ› ተባሉ መሰለኝ። ሥራ ላይ ነው፣ ትናንት ነው የወቀርኩት ብላቸው፣ ‹እትዬ ሸዋረገድ ፈቅደዋል፤ ምትክ ይላክልሻል› አሉኝ። እርስዎ ካሉ እኔ ምን እላለሁ? ለብቻቸው ቢያቅታቸው አብሬ ገፋሁላቸው።»

«ምትኩስ?»

«ገና ነው። መንገድ ላይ ይሆናላ።»

«ሰዉ የት ያስፈጫል?»

«ጉልበት ያለው ቆላ ይወርዳል። አሮጊቶቹ የእጅ ወፍጮ ከየጓዳው አውጥተዋል። እኔም አውጥቻለሁ፤ ረስቼው ነበር፣ ወገብ እንደሚቆርጥ።» ሳቅ ለማለት ሞከረች። «አጨዳውም ገብቷል፣ እህሉ በደጄ ተከምሯል። እቴቴ፣ ቅር አሉኝ እንዴ? ድምፅዎ...»

«አንቺን አይደለም። እደውልልሻለሁ።»

ስልኩን ጉያቸው መለሱት። በመንገዱ ላይ መኪናዎቹ ያለ ማቋረጥ ያልፋሉ። እማማ ሸዋረገድ ቁጣውን ጠብቀው ነበር፤ አልመጣም። የመጣው ድካም ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣ። ስድብ ለምደዋል፣ መረሳትም ለምደዋል። ሳሮን ትምታታለች ብትል ዓለም አልፈረሰም። ዛሬ የተደረገው ግን ሌላ ነው። እዚህ አፍ የላትም ያሏት ሴትዮ እዚያ አምባው ላይ አፍ ተሰጥቷታል። ፈቅዳለች ተብላለች። ያሳደጓት ልጅ በእሳቸው ቃል ጎንበስ ብላ የራሷን ጉሮሮ አብራ ገፍታለች።

«ልመልሰው?» አለ ባርናባስ። «መጋዘኑ እስከ ማታ ክፍት ነው። እነሱን እኔ አናግራቸዋለሁ። ኪራዩን ባይሰጡኝም ግድ የለም።»

«መጋዘን ምን ይሠራበታል። ንዳ።»

«ወደ ፕሌኖ?»

«የተጠራሁበት ነዋ። ጋቢ ሊያለብሱኝ ይጠብቁኛል።»

የሚኪያስ ሰፈር ሣሩ ሁሉ በአንድ ቁመት የተቆረጠ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው የማይታይበት ሰፈር ነው። ከቤቱ ጎን ድንኳን ተጥሏል። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ጓሮው መሐል የተቆፈረ ክብ ጉድጓድ አለ፣ ከመሐሉ የውኃ ቱቦ ብቅ ያለ። ፎርክሊፍቱ ጥጉን ይዞ ይጠብቃል። ሚኪያስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ማይክሮፎን ይዞ ሲሮጥ መጣ።

«እማማ እዚያ ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ሶ፣ እርስዎን እንዲያመጣ አሌክስን ልኬ ነበር እኮ ሳክሲ፣ በሩን ሲያንኳኳ ነው የዋለው። ኦኬ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ። ድንጋዩን እናውርድና እንጀምራለን።»

ወረዱ። ዱላቸውን ያዙ። ከተጎታቹ ጀርባ ሄደው ቆሙ።

«ድንጋዩ አይወርድም።»

«ማለት?»

«ከመኪናው አይወርድም አልኩህ።»

ሳሮን ከሚኪያስ ኋላ መጥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ደክሟቸዋል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «መንገዱ ነው። ውኃ እንስጣቸው፣ ውስጥ ገብተው ትንሽ ጋደም ይበሉ።»

«ውኃውን ለፏፏቴሽ አስቀምጪው» አሉ እማማ ሸዋረገድ። «ሚኪያስ፣ አባትህን ጥራልኝ።»

«አባዬ ሁሉን ነገር አፕሩቭ አድርጓል እኮ፣ እማማ።»

«እሱን ነው የምጠይቀው።»

ፀጋዬ መምጣቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ኩላሊቱን በማሽን ማሳጠብ ከጀመረ ወዲህ ኮቱ ሰፍቶታል፤ አንገቱ ከሸሚዙ አንገትጌ መሐል ይንሳፈፋል። የእንግዶቹን ወንበር እየተደገፈ፣ የሚሳለሙትን እየሳመ፣ በመጨረሻ ተጎታቹ ጋ ደረሰ። እንግዶቹም ተከትለውት መጡ፤ ምን እንደሆነ ለማየት።

«እትዬ» አለ። «ይዘሽልኝ መጣሽ።»

እጁን ወደ ድንጋዩ ዘረጋ። ጣቶቹ ሲነኩት ፊቱ ተለወጠ፤ ያ ግራዝማች ጉያ ተወሽቆ በወፍጮው ድምፅ እንቅልፍ ይወስደው የነበረው ብላቴና ሆነ። እማማ ሸዋረገድ አፋቸው ላይ የነበረውን ስድብ ዋጡት።

«የአባዬ ድንጋይ» አለ ፀጋዬ። «አልቀበርኳቸውም እኮ፣ እትዬ። መሞታቸውን ሱዳን ሆኜ ነው የሰማሁት፣ ከአንድ ነጋዴ። ያለቀስኩት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። አሁን የኔም ቀን ደርሷል። አንድ የሳቸው ነገር አጠገቤ ሆኖ ልሙት ብዬ ነው። ጥፋት ነው?»

«ጥፋት አይደለም።»

«ታዲያ ልጄን በሰው ፊት ለምን ታሳፍሪዋለሽ?»

«እጅህን መሐሉ ውስጥ አስገባ።»

አስገባ። አወጣ። መዳፉን እያየ ቆመ። ነፋሱ ከጣቱ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር ወሰደ።

«ዱቄት ነው» አለ።

«አባትህ ከሞቱ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። የሳቸው ዱቄት ይመስልሃል?»

ሚኪያስ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገ።

«የሳቸውን ድንጋይ ነፋስ ሰብሮታል፣ አንተ ከሄድክ በኋላ። ይሄን የጠረብነው ወንድምህና እኔ ነን። አባትህ በዓይናቸውም አላዩት። የሳቸው ድንጋይ ደጅ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ዶሮ ያድርበታል። ፎቶውን ልከውልህ አያምርም ያልከው እሱን ነው።»

ፀጋዬ በተጎታቹ ጠርዝ ላይ ተደገፈ። ከእንግዶቹ አንዱ ወንበር አቀረበለት። አልተቀመጠም።

«እኔ ያልኩት...» አለ። «ሚኪያስ ነው ፎቶውን ያሳየኝ። ያኛው ሙሉ ነው፣ ያኛው ይሁን አልኩ። ከቤቱ የመጣ ከሆነ ሁሉም የአባዬ መሰለኝ። ወፍጮውም ድሮ የሞተ ነው የመሰለኝ። ያቺ ልጅ ለምን አልነገረችኝም?»

«ያቺ ልጅ የልጅ ልጅ አይታለች። ነግራለች። እትዬ ሸዋረገድ ፈቅደዋል ተብላ ዝም አለች።»

«እሱን... ማለቴ፣ እኔ ነኝ ለሰዎቹ እንዲህ በሏት ያልኩት» አለ ሚኪያስ። አንገቱ ቀልቷል። «እርስዎ እንደማይከለክሉ አውቄ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ነው። እማማ፣ ፊክስ እናደርገዋለን። አዲስ ወፍጮ እንልክላታለን፣ ዘመናዊ፣ ከዚህ የተሻለ። ሰኞ አዘዋለሁ። ዛሬ ግን ይሄ ሁሉ ሰው መጥቷል፤ ዝም ብለን እናውርደውና—»

«አየህ» አሉ እማማ ሸዋረገድ፣ ለሚኪያስ ሳይሆን ለፀጋዬ። «አሁንም አልጠየቃትም።»

ባርናባስ የመኪናውን ሞተር አላጠፋም ነበር። ያ የቀረበው ወንበር በእማማ ሸዋረገድ ዓይን ገባ። ቢቀመጡበት ግን ወዲያው ጋቢው ይመጣል፤ ሰዉ ወደየቦታው ይመለሳል፤ ፎርክሊፍቱ ይነሣል። ትንሿን ስልክ ከጉያቸው አወጡ። ሻሽ ያሰረችውን፣ ዓይኗን የጨፈነችውን ፎቶ ለዩና ለፀጋዬ ዘረጉለት። ሚኪያስ ሊቀበላቸው እጁን ሲሰነዝር በዱላቸው ጫፍ መለሱት።

«አንተ አይደለህም። አባትህ ነው የሚደውለው። ፀጋዬ፣ ያዝ። በኔ ስም ያስወሰድከውን በራስህ ስም ጠይቅ። ያቺ ልጅ እንዳትላት። ወይዘሮ ዕፀገነት በላት፤ አባትህን ግራዝማች ይሏቸው እንደነበረው፣ እሷን ደግሞ ባለወፍጮዋ በላት። ድንጋይሽ እኔ ጋ ነው፣ ሳልጠይቅሽ ነው የወሰድኩት፣ መልሼ እጭንልሻለሁ በላት። የአባትህን ከፈለግህ ከዚያ በኋላ ለምናት፤ ብትሰጥህ ደግ፣ ብትከለክልህ ደግ። ድምፁንም ከፍ አድርገው፤ ቄሱም ፈረንጇም ይስሙ። እኔ እስክትጨርስ እዚሁ ቆሜያለሁ፤ እግሬን ደግሞ አሞኛልና አታንዛዛው። ደውል።»